ሲሚንቶው ወደቀ፣ እኛም ተኳረፍን

ደብዳቤ

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፣

እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። ነገሩ ለሰው ሲያወሩት ትንሽ ይመስላል። የእኛን ቤት ግን ሰላም ነስቶታል።

ባለቤቴ መምህር ነው። እኔ ጤና ጣቢያ እሠራለሁ። ሦስት ልጆች አሉን፤ ትልቁ 12 ዓመቱ ነው። አማቴም ከቢቸና ገጠር መጥተው ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ቤታችን የጭቃ ቤት ነው። ከጓሮ ያለው ማድቤታችንም ጭቃ ነው።

ባለቤቴ በእጁ መሥራት ይወዳል። በር ይጠግናል፣ የዶሮ ቤት ሠርቷል፣ የልጆቹን አልጋ ራሱ ነው የገጣጠመው። ይህን እወድለታለሁ። ችግሩ አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ይጀምራል። ሳሎን ያለው መደርደሪያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጎኑ ክፍት ነው። በካርቶን ደግፌው እኖራለሁ።

ባለፈው ግንቦት «የማድቤቱን ግድግዳ በሲሚንቶ ልለስነው» አለኝ። አማቴ «ልጄ፣ ጭቃ ጭቃን ነው የሚወደው፤ ተወው ይቅርብህ» አሉት። አልሰማቸውም። እውነቱን ለመናገር እኔም አልሰማኋቸውም፤ ሲሚንቶ ያምራል ብዬ ነው። ከደሞዛችን ቀንሰን ሲሚንቶና አሸዋ ገዛን። ሰኔ ላይ ለስኖ ጨረሰ። እንዴት እንዳማረ! ነሐሴ ላይ በምዕራብ በኩል ያለው ግድግዳ ሆዱን ነፋ። ከዚያ አንድ ሌሊት እንደ ቅርፊት ተላጦ ወረደ። ከሥሩ ያለው ጭቃ ጣት ያስገባል። የቀረው ሲሚንቶ እስካሁን ተንጠልጥሏል፤ ልጆቹን በዚያ በኩል አላሳልፋቸውም።

እሱን ሳይጠግን ወደ ሌላ ዞረ። እንጨት ስለተወደደ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝተን ነበር። መስመሩን ከሳሎኑ አምፖል ላይ ቀጥሎ ራሱ ሳበልኝ። እንጀራ ስጋግር ሶኬቱ ይሞቃል። ባለፈው ሳምንት አንድ ጎኑ ጠቁሮ አየሁት። «ምንም አይልም» ይለኛል።

ትዕግሥቴ አለቀ። እሱ ትምህርት ቤት ሳለ ግንበኛ ጠርቼ ግድግዳውን አሳየሁት። ለግንበኛው «ይሄ ሰውዬ የነካው ሁሉ ይፈርሳል» እያልኩ ሳለ ባለቤቴ ከኋላዬ ቆሟል። ትልቁ ልጃችንም አብሮት ነበር። ምንም አልመለሰልኝም። መዶሻውን፣ መጋዙን፣ ውሃ ልኩን ሁሉ ሰብስቦ አልጋ ሥር ከተተው። ይኸው አሥር ቀን ሆነው። እራቱን ይበላል፣ ተነሥቶ ይወጣል።

ግንበኛውን ላስገባው ወይስ እሱን ልጠብቀው? እጠብቃለሁ ብል መቼ ይሠራዋል? ቅዳሜና እሑድ እንዳይሠራ አማቴ «ሰንበት ነው» ብለው ይከለክሉታል። ግራ ገብቶኛል።

የማድቤቷ ባለቤት፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ

እኅቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ግድግዳው ብዙ የምነግርሽ አለኝ፤ እኔም ቡሬ አጠገብ ጭቃ ቤት ውስጥ ነው ያደግሁት። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጊልኝ። ይህን እንዳነበብሽ ምጣዱን ከሶኬቱ ንቀይው።

የጠቆረው ሶኬት ከግድግዳውም ከኩርፊያውም ይብሳል። የእንጀራ ምጣድ ኃይል በላተኛ ነው። 3500 ዋት ገደማ የሚወስዱ ብዙ ናቸው። በ220 ቮልት ይህ ወደ 16 አምፔር ይመጣል። ለአምፖል የሚዘረጋው ሽቦ ደግሞ ቀጭን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ውፍረቱ ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስትጋግሪ ሽቦው ከውስጥ ይግላል፣ ልባሱ ይለሰልሳል። ቅጥያው ላይ ደግሞ የበለጠ ይግላል። ሶኬትሽ የጠቆረው ለዚህ ነው። ማድቤት ውስጥ ጭድ አለ፣ እንጨት አለ፣ ልጆች አሉ።

ምጣዱ ከማከፋፈያው የሚነሣ የራሱ መስመር ይፈልጋል። ሽቦው ቢያንስ ባለ 4 ይሁን። የራሱ ብሬከርና ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦም ይኑረው። ማንም «ብሬከሩን በትልቅ እንቀይረው» ቢልሽ እሺ እንዳትዪ። ብሬከሩ ሽቦው ሳይቃጠል ቀድሞ እንዲቆርጥ ነው የተቀመጠው። ይህን ሥራ የሚያውቅ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሥራው። ባለቤትሽ በሌላው ሁሉ ይሞክር፤ በዚህ ግን አይሞክር። መስመሩ እስኪዘረጋ ድረስ እንደ ድሮሽ በእንጨት ጋግሪ። ጭሱ እንደሚያስመርር አውቃለሁ። ቢሆንም ለጥቂት ሳምንት ነው።

አሁን ወደ ግድግዳው።

ሲሚንቶና ጭቃ ጠባያቸው አይገጥምም። ጭቃ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶ ደርቆ ቀጥ ይላል፤ አብሮት አያብጥም፣ አብሮት አይኮማተርም። ስለዚህ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የክረምቱ ዝናብ ይገባል። ጭቃው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ፀሐይ ስትወጣ እርጥበቱን ይተነፍሰው ነበር። ሲሚንቶው ግን አፉን ይዘጋበታል። ውሃው ከኋላ ይጠራቀማል፣ ጭቃው ይሟሟል፣ ልስኑ የሚይዘው ያጣል። ሆዱን ነፋ ያልሽው ያን ጊዜ ነው። ሰኔ ላይ መለሰኑ ደግሞ ባሰበት፤ ግድግዳው ሳይደርቅ ነው የተሸፈነው።

ይህን የምነግርሽ ባለቤትሽ ሰነፍ እንዳልሆነ እንድታውቂልኝ ነው። ዕቃው ነው ያልሆነው። ገንዘብ ተቀብለው ይህንኑ ስሕተት የሚሠሩ ግንበኞች ብዙ አይቻለሁ። የጠራሽው ግንበኛም «ወንፊት ሽቦ መትተን መልሰን በሲሚንቶ እንለስነዋለን» ካለሽ ገንዘብሽን ያዢ። የዛሬ ዓመት እዚያው ነው የምትገኙት።

«የነካው ሁሉ ይፈርሳል» ያልሽው ነገር ከሲሚንቶው የባሰ ወድቋል። በእንግዳ ፊት፣ በልጁ ፊት ነው ያልሽው። ልጁ አባቱን እያየ እጅ ሥራ የሚለምድበት ዕድሜ ላይ ነው። ዛሬ ማታ ልጁ ባለበት «ያን ቀን የተናገርኩት ቃል ልክ አልነበረም፤ ይቅር በለኝ» በዪው። ስድቡን የሰማ ጆሮ ይቅርታውንም ይስማ። በዚያ ምሽት ስለ ግድግዳው አታንሺ። ስለ መደርደሪያውም አታንሺ። ቡና አፍዪና ዝም በዪ። ቂሙ በአንድ ምሽት ላይለቅ ይችላል። አትቸኩዪ።

ለባለቤትሽም አንድ ነገር ልበለው፤ ይህን ገጽ ስጪው። ወንድሜ፣ ሥራ ስትጀምር ደስታው የአንተ ነው። ያላለቀውን እየዘለለች የምታልፈው ግን እሷ ናት። ካርቶን የደገፈችው እሷ ናት፣ ልጆቹን ከተንጠለጠለው ሲሚንቶ የምትጠብቀው እሷ ናት። ትዕግሥቷ ቢያልቅ አትፍረድባት። ማድቤቱ አልቆ እሳት እስኪነድበት ድረስ ሌላ ምንም ነገር አትጀምር። መሣሪያህን ግን ከአልጋ ሥር አውጣው።

አሁን የምወደው ነገር ላይ ደረስኩ። እኅቴ፣ ባለሙያ ፍለጋ ውጭ ወጥተሻል። ባለሙያዋ ቤትሽ ተቀምጣለች። አማትሽ «ጭቃ ጭቃን ነው የሚወደው» ያሉት ተረት ሊተርቱላችሁ አይደለም። እኔ ይህን ሁሉ የዘበዘብኩትን እሳቸው በአንድ አፍ ጨርሰውታል። በእኛ አገር ጭቃ ረግጦ ግድግዳ የሚመርገው ወንዱ ቢሆንም ልቅለቃው የሴት እጅ ነው። እናቴ ስትለቀልቅ ዛሬም ይታየኛል። ጣሳ ውሃ አጠገቧ ታስቀምጣለች። መዳፏን ነከር ታደርጋለች፤ ከዚያ ከትከሻዋ ጀምራ ክብ እየሠራች ታወርደዋለች። ሲደርቅ ግድግዳው ላይ የአራት ጣቷ መስመር እንደ ቀስተ ደመና ተደራርቦ ይቀራል። እኔ ከሥር ቁጭ ብዬ በጣቴ እከተለው ነበር። አማትሽም እንዲህ ያለ እጅ ሳይኖራቸው አይቀርም። «እማማ፣ እንዴት እናድርገው?» ብላችሁ ሁለታችሁም ጠይቋቸው። ባለፈው ያልሰማችኋቸው ሁለታችሁም ናችሁና።

የሚሉት ከእኔ ቢለይ የእሳቸውን ስሙ። እኔ የማውቀው ይህን ነው።

የተንጠለጠለውን ብቻ ሳይሆን በዚያ ግድግዳ ላይ ያለውን ሲሚንቶ ሁሉ አውርዱት። የያዘ የሚመስለውም የሚቀጥለውን ክረምት አይሻገርም። ከዚያ ግድግዳው ለብዙ ሳምንት ራቁቱን ይሰንብት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ፀሐይ ነው። ግድግዳውን የያዘውን የባሕር ዛፍ እንጨት በመዶሻ ጫፍ ንኩት። ድምፁ ባዶ ከሆነ ወይም ምስጥ ከገባበት ከመምረጋችሁ በፊት ይቀየር። የጣሪያውን ክፈፍም እዩ። ቆርቆሮው አጭር ከሆነ ዝናቡ ግድግዳው ላይ ነው የሚወርደው። በምዕራብ በኩል ጨምሩበት ወይም አሸንዳ ግጠሙለት። ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ መሬት ነጥሮ የግድግዳውን እግር ይበላዋል። ስለዚህ ከሥር ጠጠር አፍሱና ቦይ ቅደዱለት። ይህ ካልተሠራ የፈለገ ጭቃ ብትመርጉ ከንቱ ነው።

አፈሩን ስትመርጡ ዋልካ እንዳይሆን። ዋልካ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣ አፈር ነው፤ ግድግዳ ላይም ያንኑ ያደርጋል። ቀይ አፈር ፈልጉ። ትንሽ አርጥባችሁ በመዳፋችሁ መሐል እንደ ገመድ አሹት። ገና ስታሹት ከተበጣጠሰ አሸዋ በዝቶበታል። ረዝሞ ከተያያዘ ደህና ነው። የጤፍ ጭድ ደግሞ ከውቂያው በኋላ አዲሱን ታገኛላችሁ። ምን ያህል ጭድ ይግባ ለሚለው ልኩን ግድግዳው ራሱ ይንገራችሁ። ሦስት ዓይነት አቡኩ፤ አንዱ ጭድ ያነሰበት፣ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ የበዛበት። እያንዳንዱን የእንጀራ ሰፌድ በምታህል ቦታ ግድግዳው ላይ ለጥፉና ሳምንት ጠብቁ። ያልተሰነጠቀውንና በጥፍር ሲፍቁት የማይረግፈውን ውሰዱ።

ጭቃው ከተረገጠ በኋላ ይቦካ። ሳምንት ያንሰዋል፣ ሁለት ሳምንት ይሻላል። በየሁለት ቀኑ ውሃ እየጨመራችሁ እርገጡት። ጭዱ ሲበሰብስ ጭቃው ይጣበቃል፣ ሽታም ያመጣል። ሽታው አያስደንግጥሽ፤ እሱ ነው የሚፈለገው። ስትመርጉ ግድግዳውን በውሃ አርጥቡት። በአንድ ጊዜ አታወፍሩት፤ ሁለት ጣት የሚሆን መርጋችሁ ይድረቅ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ድገሙ። የመጨረሻው ልቅለቃ ከእበትና ከደቃቅ አፈር ይሁን።

ስለ ሰንበት ጠይቀሽኛል። በዚህ ከአማትሽ ጋር አትጋጩ። የኖሩበት ነው። ባለቤትሽ መምህር ነውና ጥር መጨረሻ ላይ የመንፈቅ ዓመቱ እረፍት አለለት። ጭቃውን የገና በዓል እንዳለፈ አቡኩት። ጥምቀት ሲያልፍ የበሰለ ጭቃ፣ የደረቀ ግድግዳና የሥራ ቀን አብረው ይገጥሙላችኋል። ጎረቤት ጥሩና በደቦ ምረጉት። አንቺ ጠላ ጥመቂ፣ ቆሎ ቁዪ። ትልቁ ልጅ ሱሪውን ሰብስቦ ከአባቱ ጋር ይርገጥ። እማማን ግን እንስራ አታሸክሟቸው። ወንበር አውጥታችሁ ጥላ ሥር አስቀምጧቸውና ያዝዟችሁ።

ለግንበኛው ልትከፍዪው ያሰብሽውን ገንዘብ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው አድርጊው። ጭቃው ቦክቶ እንደሆነም እኔን አትጠይቂኝ። እማማ ቆንጥረው፣ በሁለት ጣታቸው አሽተው፣ አሽትተውም ይነግሩሻል።