እምቢ ያለና ያልሆነለት

አንድ ወጣት በቅርቡ «ጋሼ፣ አለማመንም እኮ ራሱ እምነት ነው፤ አይደለም እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው አዲስ አይደለም። ሎጂክ ባስተማርኩባቸው ዓመታት በየክፍሉ አንድ ሰው አይጠፋም የሚጠይቀው። አጭሩን መልስ ሰጥቼው ተለያየን። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን አንድ የድሮ ጓደኛዬ ትዝ አለኝና እንቅልፍ ነሳኝ።

ተማሪ ሳለን አንድ የፍልስፍና መምህር ነበሩን። ሰሌዳ የሚያጠፉት በኮታቸው እጅጌ ስለነበር ክንዳቸው ሁልጊዜ ነጭ ነው። አንድ ቀን ባቄላ የሞላ ጠርሙስ ይዘው መጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «የባቄላው ቁጥር ጎዶሎ ነው። ታምናላችሁ?» አሉ። ማንም አላመነም። «እንግዲያው ለሁለት እኩል ይካፈላል ብላችሁ ታምናላችሁ ማለት ነው?» እሱንም ያመነ አልነበረም። አንድን ነገር አለማመን ተቃራኒውን ማመን እንዳልሆነ የገባን ያኔ ነው።

ለወጣቱ የሰጠሁት አጭር መልስም ይሄው ነው። «እግዚአብሔር የለም» ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገር ሰው እምነት አለው፤ ማስረጃህ ምንድነው ሲባል ቅር ሊለው አይገባም። «አለ የሚያሰኝ ነገር አላገኘሁም» የሚለው ግን ሌላ ሰው ነው። ነገሩን ጭራሽ አስቦት የማያውቅም አለ። ሦስቱን አንድ ላይ መጨፍለቅ ለክርክር ይመቻል እንጂ እውነት አይደለም።

ወደ ክፍሉ ልመለስ። ጓደኛዬ ከኋላ ወንበር እጁን አወጣ። «ለማመን ብወስንስ?» አለ።

መምህሩ ደስ አላቸው። «ወስን እስቲ! አሁኑኑ። ጎዶሎ ነው ብለህ እመን።»

ዓይኑን ጨፈነ። ግንባሩ ተኮማተረ። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። «ማርክ እጨምርልሃለሁ» አሉት ደግሞ። ትንሽ ቆይቶ ዓይኑን ገለጠ። «ጎዶሎ ነው ማለት እችላለሁ። ማመኑ ነው እምቢ ያለኝ።»

ስንወጣም ስንስቅ ነበር። እሱ አልሳቀም።

በዚያ ሰሞን እምነቱ እየከዳው እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው። ቤተሰቡ አጥባቂ ናቸው። አባቱ ነገሩን ሲሰሙ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እምቢ ብሎ ነው፤ ልቡ አብጦ ነው።» እኔ ግን አንድ ክፍል ውስጥ ስለምንኖር ሌላ ነገር ነበር የማየው። ይጾማል። ማታ ማታ ተንበርክኮ ይቆያል። ሲነሳ ፊቱ ላይ ያለው ደብዳቤ ሲጠብቅ ውሎ ምንም ያልደረሰው ሰው ፊት ነው።

የ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ ፈላስፋ ፓስካል ይህን ሰው ያውቀዋል። የፓስካል ውርርድ ሲባል ሁላችንም የምናስታውሰው ስሌቱን ነው፦ እግዚአብሔር ካለና ካመንክ ሁሉን ታተርፋለህ፤ ከሌለ ይህን ያህል አትከስርም። ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1670 በታተሙት ማስታወሻዎቹ ውስጥ ግን ከስሌቱ ቀጥሎ የሚመጣ ሰው አለ። ስሌቱ አሳምኖታል፤ ማመን ግን አልቻለም። ፓስካል «በል ወስን» አይለውም። አማኞች የሚያደርጉትን አድርግ፣ ቀስ እያለ ይመጣል ነው የሚለው። ማመን በትእዛዝ እንደማይሆን ገብቶታል። ጓደኛዬ ያንንም ሞክሮት አልመጣለትም። የመጣላቸውን ሰዎችም አውቃለሁ።

አባቱ አንዴ መንገድ ላይ አስቆሙኝና «አንተ ትቀርበዋለህ፤ እባክህ ምከረው» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። «እሺ አባባ» ብዬ አለፍኩ። እምቢ ያለ ሰውና ያልሆነለት ሰው አንድ እንዳልሆኑ ሳልነግራቸው መቅረቴ ዛሬም ይቆጨኛል። ላይሰሙኝ ይችሉ ነበር። ብናገር ኖሮ ግን ጓደኛዬ አንድ ሰው እንደተናገረለት ያውቅ ነበር። ከዚያ ከቤት ወጣ፣ አገር ቀየረ፣ ተጠፋፋን።

እናንተን የዛሬ ወጣቶችን ሳይ ደግሞ ግራ ይገባኛል። በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ አማኝ፣ በሌላ አንድ ደቂቃ ቪዲዮ ኤቲስት ትሆናላችሁ። ሁላችሁም አይደላችሁም፣ ይቅርታ። ክርክራችሁን ስሰማ ግን ሁሉም ሌላውን ሊያሳፍር የተቀመጠ ይመስለኛል። እኛም ከዚህ አንሻልም ነበር መሰለኝ፤ ካሜራ ስላልነበረ ተረፍን።

ማመን በእጃችን አይደለም ስላችሁ ቆይቼ አሁን ልገለበጥ ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ዊልያም ክሊፎርድ እ.ኤ.አ. በ1877 ስለ አንድ የመርከብ ባለቤት ምሳሌ ጽፏል። መርከቡ አርጅቷል፤ መጠገን እንዳለበት ልቡ ያውቃል። ግን ወጪው ከባድ ነው። ስንት ማዕበል ያለፈ መርከብ ነው እያለ ጥርጣሬውን አባበለው። በመጨረሻ ከልቡ አመነ። ስደተኞችን ጭኖ ላከው። መርከቡ ሰጠመ፤ እሱ የኢንሹራንሱን ገንዘብ ተቀበለ። ክሊፎርድ የሚለው፣ ያለ በቂ ማስረጃ ማመን ስህተት ነውና መርከቡ በሰላም ቢደርስ እንኳ ሰውየው ጥፋተኛ ነው። እምነቱ የልብ ነው፤ የመጣበት መንገድ ግን የተንኮል። ስለዚህ ማስረጃ ፊት ለፊት ሲመጣ ዓይን መጨፈን በእጃችን ነው፤ በዚህ እንጠየቃለን። ከጓደኛዬ ጋር ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል። እሱ ዓይኑን ሲጨፍን ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው፤ ያውም ታዝዞ።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ዊልያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1896 ለክሊፎርድ መልስ ሰጠ። አንዳንድ ነገር ማስረጃ እስኪሟላ አይጠብቅም አለ። ይወደኛል ብለህ ቀድመህ ካላመንክ የማትወዳጀው ሰው አለ። እውነቱን ነው። እኔ በወጣትነቴ ለክሊፎርድ ስሟገት ኖሬ አሁን ወደ ጄምስ ያዘነበልኩ ይመስለኛል። የእግዚአብሔር ጥያቄ መርከቡን ነው ወይስ ወዳጅነቱን የሚመስለው? ባለቤቴ ወዳጅነቱን ነው ትላለች፤ ጥርጥር የላትም። እኔ አንድ ሰሞን ከእሷ ጋር እስማማለሁ፣ ሌላ ሰሞን ያ መርከብ ይታወሰኝና እንደገና እንጨቃጨቃለን።