የበግ ሰኮና ሲገማና ሲለቅ ይቆረጥ?

ጥያቄ፦ ክረምቱ ከገባ ወዲህ አምስት በጎቼ ያነክሳሉ፤ አንዷ ተንበርክካ ነው የምትግጠው። ሰኮናቸው ይገማል፣ ከሥጋው ለቋል። የበሰበሰውን እስኪደማ ቆርጬ ብጥልም ባሰ። (ከቦሩ ሜዳ፣ ደሴ)

መልስ፦ ቢላዋውን ያስቀምጡ። አስቀድመው አፋቸውን ከፍተው ይዩ፤ ቁስልና ለሃጭ ካለ አፍተግር ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ያሳውቁ። አፉ ጤነኛ ሆኖ የሚገማው ሰኮናው ብቻ ከሆነ ግን የሰኮና መበስበስ ሳይሆን አይቀርም።

ጭቃ ቆዳውን ሲያርሰው እበት ውስጥ የሚኖረው ፊውዞባክቴሪየም የተባለ ባክቴሪያ በጣቶቹ መሀል ያቆስላል። ዋናው ጠንቅ፣ ዲኬሎባክተር ኖዶሰስ የተባለው ባክቴሪያ፣ በዚያ ይገባና ፕሮቲን የሚቆርጡ ሦስት ኢንዛይሞች ያመነጫል። በእያንዳንዱ ኢንዛይም ውስጥ ሴሪን፣ ሂስቲዲንና አስፓርቴት የሚባሉ አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያዎች) ጎን ለጎን ይሠራሉ፦ ሂስቲዲን ከሴሪን ሃይድሮጅን ይቀበላል፣ ሴሪን የፕሮቲኑን ሰንሰለት ይዞ ይበጥሳል፣ በመጨረሻም ውሃ የተያዘውን ቁራጭ ያላቅቃል። ኢንዛይሙ ራሱ ስለማያልቅ ወደሚቀጥለው ሰንሰለት ያልፋል። ከሦስቱ አንዱ፣ ኤፕርቪ2 የተባለው፣ በተጨማሪ ከመቁረጫው ውጭ በድኝ ማሰሪያ የተያዘች ቀለበት አለችው፤ ሰኮናንና ሥጋን የሚያያይዘውን ሕብረ ህዋስ ለማፍረስ የምታግዘው እሷ ናት። የሚገርመው፣ ቀላል ሕመም በሚያመጣው የባክቴሪያው ዝርያ ይኸው ኢንዛይም የሚለየው በአንድ አሚኖ አሲድ ብቻ ነው፤ በ92ኛው ቦታ ታይሮሲን ቀርቶ አርጂኒን ይገባል።

እስኪደማ መቁረጥ ያባሰውም ለዚህ ነው፤ ለኢንዛይሙ አዲስ ሥጋ ይገልጥለታል፣ ቢላዋውም በሽታውን ወደሚቀጥለው በግ ይወስዳል።

የሚያነክሱትን ለይተው ደረቅ ቦታ ያሳድሩ። በባለሙያ እጅ 20 በመቶ ረጅም ጊዜ የሚቆይ ኦክሲቴትራሳይክሊን ጡንቻ ውስጥ ይወጉ፤ ለ10 ኪሎ ክብደት 1 ሚሊ ሊትር ነው፣ 25 ኪሎ ለሚመዝን በግ 2.5። ከዚያ ቢያንስ አንድ ቀን ጭቃ አይርገጡ። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው የእርድ ቀን ሳይደርስ አይታረዱ።

ለመንጋው በሙሉ 1 ኪሎ ዚንክ ሰልፌት በ10 ሊትር ውሃ ይበጥብጡ፤ ሰኮናው እስኪሸፈን፣ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ገንዳ ውስጥ ይሙሉ። ጭቃውን አጥበው ጤነኞቹን አስቀድመው ያስገቡ፤ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይቁሙ። እያሯሯጡ ማሳለፍ መድኃኒት ማባከን ነው። ወጥተው አንድ ሰዓት ድንጋያማ ደረቅ መሬት ላይ ይቆዩ፤ በሳምንቱ ይድገሙት። በመዳብ ሰልፌት አይተኩት፤ በግ ከጠጣው ይመረዛል። የተረፈውንም ወንዝ ውስጥ አይድፉ።

ባክቴሪያው ከሰኮና ውጭ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት በላይ አይቆይም፤ የታመሙት የዋሉበትን ግጦሽ ለዚያ ያህል ባዶ ይተዉት። ከገበያ የገባ በግም ሰኮናው ታይቶና ተነክሮ ለብቻው ይቆይ። ሁለት ጊዜ ታክሞ ያልዳነውን ለእርባታ አያስቀሩ፤ ባክቴሪያው ሰኮናው ውስጥ ተደብቆ ለቀጣዩ ክረምት ይደርሳል።