ለኤምጂቢ ባለቤቶችና ሊገዙ ላሰቡ፦ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄ ስትጽፉ የመኪናውን ዓመት፣ ክፍት ወይም ጂቲ (ባለ ጣራው) መሆኑን፣ መከላከያው ክሮም ወይም ጎማ መሆኑን ንገሩኝ። ይህ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 ስለተሠራ የአንዱ መልስ ለሌላው አይሆንም። ሌላው፣ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ስር ማንም አይግባ። ጠንካራ የብረት መደገፊያ ይኑራችሁ።

ባለ 1971፦ ጋሼ፣ ክሮም መከላከያ ያለው የ1971 ክፍት ልገዛ ነው። ቀለሙ ያምራል፣ ሞተሩም ቁልፍ እንደነካ ይነሳል። ምኑን ልይ?

መላሽ፦ ቀለሙንም ሞተሩንም ለጊዜው እርሳው። 1798 ሲሲው ሞተር ብርቱ ነው፤ ቢደክምም ይታደሳል። መኪናውን የሚገድለው ዝገት ነው። ኤምጂቢ የብቻው ሻንሲ የለውም፤ አካሉ ራሱ ነው ሻንሲው። ክፍቱ ደግሞ ጣራ ስለሌለው የፊቱንና የኋላውን አያይዞ የሚሸከመው በየበሩ ስር ያለው ሳጥን ነው። ሳጥኑ አንድ ላሜራ አይደለም። ከውጭ የምታየው፣ ከውስጥ ያለው፣ በመሃል የቆመው፣ ከታችም ጥርስ ጥርስ ያለው ብረት፣ ሁሉም አንድ ላይ ተበይደው ነው ጉልበት የሚሆኑት። የፊት ጎማ የሚረጨው ጭቃ ከፓራፋንጎው ኋላ፣ ታች ጥግ ላይ ይከማቻል። እዚያ እርጥበት ይዞ ይቀመጥና ዝገቱ ወደ ሳጥኑ ይሻገራል። ቀለሙ ከውጭ አብጦ ስታይ ውስጡ ቀድሞ ተበልቷል ማለት ነው።

አሁን በሩን ዝጋና የኋላ ጠርዙን ክፍተት ተመልከት። ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ መሃሉ ሰምጧል። ቀጥሎ መኪናውን በአንድ ጎን በክሪክ አንሳና በሩን ክፈት፣ ዝጋ። መሬት ላይ ሳለ በደንብ ይዘጋ የነበረው በር አሁን ከነከሰ ሳጥኑ አልቋል። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ ከበሩ በታች ከጫፍ ጫፍ አስኪደው፤ የማይዝበት ቦታ ስቱኮ ነው። ምንጣፉን አንስተህ ወለሉ ከሳጥኑ ጋር የተበየደበትን መስመር በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ጫን በል። በመጨረሻ ከመቀመጫው ጀርባ ያሉትን የባትሪ ማስቀመጫዎች ክፈት። የ71ዱ ባለ ሁለት ስድስት ቮልት ባትሪ ነው፤ አሲድ የበላው ቆርቆሮ እዚያ ይገኛል። ሻጩ ይህን ሁሉ አላሳይም ካለህ ተወው።

ባለ 1976፦ የኔ ጉልበት የለውም። ምን ይሆን?

መላሽ፦ ሲሞቅ ነው ሲቀዘቅዝ? ዳገት ላይ ነው ከቆመበት ሲነሳ? ካንዴላዎቹ ምን ቀለም አላቸው? ይህን ሳትጽፍ የምሰጥህ መልስ ግምት ነው፤ ግምት ደግሞ ዕቃ ያስገዛል።

ባለ 1968፦ ክፍት፣ ክሮም። ጋዝ ድንገት ስረግጥ አንዴ እንቅ ይልና ከዚያ ይሄዳል። ሁለቱንም ካርቡራቶሮች አጥቤያለሁ።

መላሽ፦ እንዲህ ነው ጥያቄ። ካርቡራቶሮችህ (ኤስዩ የሚባሉት) አናት ላይ ያሉትን ጥቁር ክዳኖች ፍታና አውጣቸው። ዘንጋቸው ደረቅ ከሆነ ችግሩ ያ ነው። በዚያ ያለው ዘይት ጋዝ ስትረግጥ የካርቡራቶሩ ፒስቶን ቶሎ እንዳይነሳ ይይዘዋል፤ ከሌለ አየር ይበዛና ሞተሩ ይታነቃል። 20 ቁጥር ሞተር ዘይት ጨምርበት። ከዚያ አየር ማጣሪያውን አውጥተህ ፒስቶኑን በጣትህ አንሳና ልቀቀው። ወርዶ ቀጭ የሚል የብረት ድምፅ ካሰማ ደህና ነው። ከተንጠለጠለ ቆሽሿል ወይም የነዳጅ መርፌው መሃሉን አልያዘም። ሁለቱ ካርቡራቶሮች እኩል አየር መሳባቸውን ሳታረጋግጥ ድብልቁን አትንካ።

ባለ ጂቲው፦ እኔ ፑንቲናውን (የካንዴላውን እሳት የሚያስነሳውን፣ የሚከፈትና የሚዘጋ መገናኛ) አውጥቼ በምትኩ ኤሌክትሮኒክ ከገባልኝ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። 68ም እሱን ያስገባ።

ባለ ሽቦ ጎማው፦ ፑንቲና ምን አደረገህ? መንገድ ላይ ቢቆም በካቻቢቴና በአንድ ስስ ጌጅ አስተካክለህ ትሄዳለህ። ኤሌክትሮኒኩ ከሞተ ግን ጎታች ጥራ።

ባለ ጂቲው፦ ፑንቲናውን ቦርሳ ውስጥ መያዝ ይቻላል እኮ!

መላሽ፦ የ68ቱ ችግር ከዚህ ጋር አይገናኝም። ፑንቲና ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊ ክፈቱት፣ ይሠራል። ኤሌክትሮኒክም ይሠራል። ፑንቲናው የተቀመጠበት የስፒንተሮጅኑ ዘንግ ካረጀና ከወላወለ ግን ፑንቲናው ፋታ አይሰጥም።

ባለ ሽቦ ጎማው፦ ጋሼ፣ ነገሩ የኦሪጅናልነት ነው። ዛሬ ፑንቲና፣ ነገ የጎማ መከላከያውን አውልቀው ክሮም ይገጥሙበታል።

ባለ 1976፦ እኔ ላደርገው ነው። ችግሩ ምንድን ነው?

ባለ ሽቦ ጎማው፦ ታሪክ ማጥፋት ነው!

ባለ ጂቲው፦ የራሱ መኪና ነው፣ ተወው እንጂ።

መላሽ፦ 76፣ ጉልበት የሌለውን ሞተር ሳታይ መከላከያ? ከ1974 መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካ ሕግ ምክንያት መኪናው ከፍ ተደርጎ ተሠርቷል፤ ስለዚህ ክሮም መግጠም ብቻ የድሮውን አይመስለውም። ይበቃል፤ ወደ ጥያቄ።

ባለ 1973፦ ሳጥኑን ራሴ ልቀይር ነው። ክፍት ነው፣ ክሮም። በሮቹን አውልቄ ቆርጬ ብጀምርስ?

መላሽ፦ ቆይ! ሳትቆርጥ በፊት የበሩን ክፍተት ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ለካና ጻፈው። ከፊት ማጠፊያ እስከ ኋላ መቆለፊያ ድረስ ወፍራም ቱቦ በይደህ የበሩን ቦታ አስረው። መኪናውን ሁለቱም ጫፎቹ ጋ በብረት መደገፊያ አስቀምጥ፤ ክሪክ መደገፊያ አይደለም። አንዱን ጎን ጨርሰህ ብቻ ሌላውን ቁረጥ። አዲሱን ብረት መጀመሪያ በነጥብ ነጥብ ያዘው፣ በሩን መልሰህ ስቀል፣ ዝጋው፣ ክፍተቱን ከጻፍከው ጋር አስተያይ። ካልገጠመ ነጥቦቹን መስበር ቀላል ነው። ሙሉ ብየዳ ካለፈበት በኋላ ግን የተጣመመ መኪና ለዘላለም ይዘህ ቀረህ። ባትሪውን ፍታ፣ የነዳጅ መስመሩን አርቅ። ሲያልቅ የሳጥኑ ውስጥ በሰም ይረጭ፤ የውሃ መውጫዎቹ ክፍት ይሁኑ። ዝገቱ ከዚህ ካለፈ ደግሞ ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ ከ1988 ጀምሮ ሙሉ አዲስ አካል ይሠራል።

ባለ 1970፦ የኔ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ናት። በላዩ ላሜራ ብደርብበትስ?

መላሽ፦ አይሆንም። ከ71ዱ ጀምሮ የጻፍኩትን አንብብ። የበሰበሰ ላይ የተደረበ ላሜራ ዝገቱን ሸፍኖ ያሳድገዋል፤ ለቀጣዩ ገዢም ወጥመድ ነው።

ባለ 1965፦ ዘመናዊ ራዲዮ ልግጠም?

መላሽ፦ እስከ 1967 ያሉት ላይ የባትሪው ፖዘቲቭ ነው ቦዲ ላይ የሚታሰረው። ሳትለውጥ ከገጠምከው ይቃጠላል።

ባለ ጂቲው፦ ካምቢዮ ውስጥ የካምቢዮ ዘይት አስገብቻለሁ፤ ኦቨርድራይቩ (ከካምቢዮው ጋር ያለው ተጨማሪ የፍጥነት ማርሽ) መንሸራተት ጀመረ።

መላሽ፦ አውጣው፣ ዛሬውኑ። የዚህ ካምቢዮ ዘይት ሞተር ዘይት ነው፣ 20W50። ኦቨርድራይቩም የሚጠጣው ያንኑ ነው። የማርሽ ዘይት የሚገባው ዲፈረንሻሉ ላይ ነው።

ባለ 1978፦ ዛሬ ቢሸጥ ስንት ያወጣል?

መላሽ፦ ሳላየው ዋጋ አልናገርም።

ባለ 1969 ጂቲ፦ የአባቴ መኪና ነው፣ ክሮም። እሱ ካረፈ ጀምሮ ዓመታት ቆሟል። ባትሪ ገዝቼ ላስነሳው ነው። እባክዎ ምን ልጠንቀቅ?

መላሽ፦ አባትሽን ነፍስ ይማር፣ እህቴ። ባትሪውን ቆይ አትሰኪው። አራቱን ካንዴላዎች አውጪ፣ በየሲሊንደሩ ጥቂት ሞተር ዘይት ጨምሪና ይደር። በማግስቱ አራተኛ ማርሽ አስገብተሽ መኪናውን በቀስታ ወደፊት ግፊ። ሞተሩ ከዞረ እሰየው፤ እምቢ ካለ በጉልበት አይሁን፣ ዘይቱን ደጋግመሽ ጠብቂ። አሮጌውን ነዳጅ ከታንኩ አስወጪ፣ የሞተር ዘይትና ማጣሪያ ቀይሪ፣ ከዚያ ነው ባትሪ። በሞተሪኖ ስትዞሪው ካንዴላዎቹ እንደወጡ ይሁኑ፣ የዘይት ግፊት ጌጁ እስኪነሳ። በራሱ ቢነሳም ግን ከግቢ አታስወጪው። የፍሬን ጎማ ቱቦዎች ከውጭ ደህና መስለው ከውስጥ ያብጣሉ፤ ስትረግጪ ይይዛል፣ ስትለቂ አይለቅም። ሦስቱንም ቱቦ ቀይሪ፣ ሁለት ከፊት፣ አንድ ከኋላ። የፍሬን ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አውጥተሽ አዲስ ሙዪ፣ የኋላ ሲሊንደሮቹን ላስቲክ ገልጠሽ ማንጠባጠባቸውን እዪ። ከስሩ ስትገቢ በመደገፊያ ላይ መሆኑን ሁለቴ አረጋግጪ፤ ያገኘሽውንም ጻፊልኝ።