ደመወዝሽ በፈረንጅ፣ ኪራይሽ በሐበሻ

ጥያቄ፦ «እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 25 ነው። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ሂሳብ ክፍል እሠራለሁ። የሰው ሂሳብ ሳመሳክር እውላለሁ፣ የራሴ ግን የት እንደሚገባ አላውቅም። ተቆራርጦ እጄ ላይ የሚደርሰው 16,500 ብር ነው። አራት ኪሎ ከጓደኛዬ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተናል፣ ድርሻዬ 4,000 ነው። ለእናቴ 2,000 እልካለሁ። ምሳ ውጭ 180 ብር፣ ማኪያቶ 70፣ በወር 22 ቀን። ለታክሲ 880 ይበቃኛል። ራይድ ስድስት ጊዜ ይዣለሁ፣ በአማካይ 300። ለቤት አስቤዛ 2,000፣ ለካርድና ለኢንተርኔት 500፣ ለመዋጮ 1,100። ደመወዛችን በፈረንጅ ወር መጨረሻ ይገባል፣ አከራያችን ግን ኪራዩን የሚጠብቁት የሐበሻ ወር በባተ ዕለት ነው። አራት ወር ሙሉ ከጓደኛዬ እየተበደርኩ ነው፣ ዕዳዬ 5,000 አልፏል። ሁሉም ሰው ‘ማኪያቶ ተዪ’ ይለኛል። እውነት ማኪያቶው ነው?»
ኪሴ ቀዳዳው፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ ደመርኩት። የገንዘብ ያዥ አመል አይለቅም። ወጪሽ 17,780 ይመጣል። ገቢሽ 16,500። በወር 1,280 ይጎድልሻል። በአራት ወር 5,120 ነው፤ «5,000 አልፏል» ያልሽው ልክ ነው። ሂሳቡን ታውቂዋለሽ ማለት ነው። የማታውቂው ቀኑን ነው።

ለዚህ ነው መልሼ የጻፍኩልሽና የቴሌብርሽን መልእክቶች ከነቀናቸው ገልብጠሽ እንድትልኪልኝ የጠየቅኩሽ። ብዙ ልጆች ወጪ መመዝገቢያ ደብተር ገዝተው ሦስት ቀን ጽፈው ይተዉታል። ስልክሽ ግን ሳትጠይቂው ሲመዘግብልሽ ከርሟል።

እስኪ አብረን እንየው። ደመወዝ የገባው ጥቅምት 21 ነው። የዚያኑ ቀን ማታ ራይድ። ጥቅምት 24 ራይድ። 25 ራይድ። 27። 28። ስድስተኛው ኅዳር 11 ነው፣ ያመመሽ ቀን፣ እሱን ተይው። ከስድስቱ አምስቱ ደመወዝ በገባ በስምንት ቀን ውስጥ ናቸው! ከኅዳር 1 በኋላ እኮ በጊዜ ትነሺያለሽ፣ ታክሲ ተሰልፈሽ በሰዓቱ ቢሮ ትገቢያለሽ። ብር ሲኖር እንቅልፍ ይጣፍጣል።

ይሄን ከራሴ ስለማውቀው ነው ቶሎ የታየኝ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሳለሁ ደመወዝ በኛ ወር መጨረሻ ይከፈላል፣ በማግስቱ ኪራይ ይከፈላል። ያኔ ብሩን ቆጥሬ በቡናማ ፖስታ የማድለው እኔ ነበርኩ። የእቁብ ጸሐፊውና ባለሱቁ በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ሠራተኛው ከመስኮቴ ሲነሳ ፖስታው ወፍራም ነው፣ ግቢውን ሲወጣ ቀጥኗል። ሰው ያማርር ነበር እንጂ እንዲያ መሆኑ ጠቅሞታል። የተረፈው በእርግጥም የራሱ ነበራ።

በኋላ የግል ድርጅት ገባሁና ደመወዜ በፈረንጅ ሆነ። በፈረንጁ መጨረሻና በኛ ወር መባቻ መካከል አሥር ቀን ገደማ አለ። አሥር ቀን ሙሉ የአከራዬን ብር እንደራሴ ይዤ ዞርኩ። ስልክሽ ላይ 16,500 ስታዪ 16,500 ያለሽ ይመስልሻል። የለሽም። 4,000 የአከራይሽ ነው፣ 2,000 የእናትሽ ነው። ያንቺ 10,500 ብቻ ነው። እኔ ይሄ እስኪገባኝ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፣ ያውም ገንዘብ ያዥ ሆኜ።

ስለዚህ ደመወዝ የገባ ማታ፣ ራት ሳትበዪ፣ ኪራዩንና የእናትሽን ላኪ። አከራይሽ አሥር ቀን ቀድሞ ቢደርሳቸው የሚቆጡ አይመስለኝም። አይ፣ በቀኑ ይሁን ካሉም ካርድ የሌለው ሌላ ሂሳብ ክፈቺና እዚያ ይደር።

አሁን ወደ ማኪያቶሽ። አትንኪው። 1,540 ብር ትንሽ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን አራት ሰዓት ላይ ከጓደኞችሽ ጋር የምትቀመጪባት ግማሽ ሰዓት ናት፣ እሷን ከቆረጥሽ በሁለተኛው ሳምንት ተማርረሽ ሁሉንም ትተዪዋለሽ። የምንነካው ምሳውን ነው። ከ22 ቀን 12ቱን ምሳ ዕቃ ቋጥሪ። «ቋጥራ መጣች ይሉኛል» እንዳትዪኝ። ምሳ ዕቃ ቢሮ ውስጥ ሲከፈት ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ፤ ሁሉም የያዘውን ያወጣል፣ አንዷ ጎመን፣ አንዷ ምስር፣ ያልያዘውም እጁን ታጥቦ ይቀርባል። አሁን ደግሞ የገና ጾም ገብቷል። ውጭ 180 የምትከፍዪበት ሽሮ ያው ቤትሽ ያለው ሽሮ ነው። እኛ በጊዜው ዶሮ ማነቂያ ወርደን በርካሽ በልተን እንመለስ ነበር። እሱም ፈርሷል፣ ፒያሳ አሁን የዱሮዋ ፒያሳ አይደለችም።

12 ምሳ በ180፣ 2,160 ነው። ለሽሮው፣ ለዘይቱ፣ ለእንጀራው 700 ቀንሺ፣ 1,460 ይቀራል። አምስቱን ራይድ ስትተዪ 1,500 ታተርፊያለሽ፣ በምትኩ ለታክሲ 100 ይወጣል፣ ስለዚህ 1,400። ድምሩ 2,860። ከዚህ ላይ ጉድለትሽን 1,280 ስንደፍን 1,580 ይተርፋል። 1,500ው ለእቁብ። 80 ብር ትቀርሻለች። አንድ ማኪያቶ ከነቲፑ።

መዋጮውን ልረሳው ነበር። ለቅሶና ሠርግ አይቀርም፣ እሱ ላይ አልከራከርሽም። በየወሩ ቢሮ ውስጥ ለሚቆረሰው የልደት ኬክ ግን ይሉኝታሽን ትንሽ ቀንሺ። እናቶቻችን የተወለዱበትን ቀን እንኳ በውል ሳያውቁ አሳድገውናል።

እቁቡን በተመለከተ፣ አንድ ነገር አጥብቀሽ ያዢ። የሚጣልበት ቀን ደመወዝ በሚገባበት ቀን ይሁን። በሐበሻ ወር 1 ከሆነ ያው የኪራዩ ታሪክ ይደገማል። ቢሮሽ ውስጥ አሥር ሰው በ1,500 ብትሆኑ እጣው 15,000 ነው። ቀድሞ ለደረሰው ያለወለድ ብድር ነው፣ መጨረሻ ለደረሰው ቁጠባ ነው። ሲደርስሽ መጀመሪያ የጓደኛሽን ክፈዪ። ሳትጠይቅሽ።

ዋስ ደግሞ ይኑር። እኔ ጸሐፊ ሆኜ በያዝኩት አንድ እቁብ ሦስተኛው እጣ የወጣለት ሰው አምስተኛው ወር ላይ ሥራ ለቆ ጠፋ። «እንተዋወቃለን» ብለን ዋስ አልጠራንም ነበር። ሰባት ወር ሙሉ የሱን ድርሻ ከኪሴ ጣልኩ። ዛሬም ለገሃር አካባቢ ከኋላው እሱን የሚመስል ሰው ሳይ ፈጠን እላለሁ።

ጥያቄ፦ «እትዬ፣ ቸርችል ጎዳና አካባቢ ፀጉር ቤት ነው የምሠራው። ገቢዬ የቀን በቀን ነው። 40,000 ብር አጠራቅሜ ፍራሽ ስር አስቀምጫለሁ። ባንክ ላስገባ ወይስ እቁብ ልግባ?»
ፀጉር አስተካካዩ

መልስ፦ የኔ ጌታ፣ ሁለቱ አይጣሉም። ያጠራቀምከውን ባንክ፣ ከዛሬ ጀምሮ የምታገኘውን እቁብ። ገቢህ የቀን ስለሆነ ወርሃዊ እቁብ አይሆንህም፣ ወር እስኪሞላ ይበላል። እዚያው መንገድ ላይ ካሉት ባለሱቆች ጋር የቀን እቁብ ብትገባ ማታ መቀስህን አጥበህ ሳትወጣ ሰብሳቢው ይመጣብሃል። መምጣቱ ነው ጥቅሙ።

ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ አድርጎታል። በዚያ ሂሳብ 40,000 ብርህ በዓመት 2,800 ይወልዳል። የገበያውን ዋጋ አያህል ይሆናል፣ አልዋሽህም፤ ዘይትና ጤፍ ወለድ አይጠብቁም። ፍራሽ ስር ግን ያቺም የለችም። ባንክ ቢወድቅስ ብለህ ከሆነ፣ እስከ 100,000 ብር ያለን ተቀማጭ የሚሸፍን የመድን ፈንድ አለ፤ ያንተ ከዚያ በታች ነው።

ይሄን ያህል ብር ቤት ውስጥ እንዳለህ ደግሞ ለደንበኛ አታውራ። ፀጉር ሲቆረጥ ወሬ ይበዛል። ነገ ሥራ ከበዛብህ ቅዳሜ ሂድ፣ ባንኮች ቅዳሜም ይከፍታሉ።