ሱቄ ከሰረ፤ እግዚአብሔር ፊቱን አዞረብኝ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሱቅ ስከፍት «ከሰመረልኝ» ብዬ ለቅዱስ ገብርኤል ተስዬ ነበር። ዕቃው በዱቤ አለቀ፤ ኪራዩን ከእቁብ በወጣልኝ ገንዘብ ስከፍል ቆይቼ በመጨረሻ ዘጋሁት። አንዳንዱ «መተት ነው»፣ ሌላው «ለበጎ ነው» ይለኛል። አሁን ለምግብ ቤቶች እንጀራ ላቅርብ ወይስ በተሳልኩበት ሥራ ልጽና? እቁብተኞቼን ላለማየት ከቅዳሴም ቀርቻለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ጸሎቱና ስለ ጾሙ የምታውቂውን አልደግምልሽም። ደጋግሞ የሚገጥመኝ ስሕተት ግን አለ። መተት የሚለውም ለበጎ ነው የሚለውም የዱቤ ደብተሩን ገልጦ አያይም። በሮሜ 8፥28 እግዚአብሔርን ለሚወዱት ነገር ሁሉ ለበጎ እንዲደረግ የተጻፈው ቃል እውነት ነው፤ ሐዋርያው ጳውሎስ የጻፈው ግን በመከራ ያሉትን ሊያጽናና እንጂ የገዛ ሥራችንን ከመመርመር ሊያሳርፈን አይደለም። ጌታችንም እርሱን ለመከተል የሚከፈለውን ዋጋ ሲያስተምር፣ ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ ተናግሯል (ሉቃ. 14፥28)። ማስላት እምነት ማጣት ቢሆን ኖሮ በምሳሌነት ባልጠቀሰው ነበር። ሱቅሽን የዘጋው መተት ሳይሆን ያልተሰበሰበው ዱቤና የእቁብ ብር የበላው ኪራይ መሆኑን ራስሽ ጽፈሽልኛል።

እግዚአብሔር ፊቱን አዞረብኝ ለሚለው ፍርሃትሽ ማርቆስን ላንሣልሽ። ከጳውሎስና ከበርናባስ ጋር ለአገልግሎት ወጥቶ ጵንፍልያ ሲደርሱ ጥሏቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ (ሐዋ. 13፥13)። በሁለተኛው ጉዞ ጳውሎስ «አይሄድም» አለ፤ ሁለቱ ሐዋርያት በእርሱ ምክንያት እስከ መለያየት ደረሱ። በርናባስ ግን ይዞት ወደ ቆጵሮስ ሄደ፤ ማርቆስ አገልግሎቱን የቀጠለው በሌላ መንገድና ከሌላ የጉዞ ባልንጀራ ጋር ነው። ያው ጳውሎስ በእስር ሳለ «ለአገልግሎት ብዙ ይጠቅመኛል» ብሎ አስጠራው (2ኛ ጢሞ. 4፥11)። ወንጌልን የጻፈልን፣ መንበረ እስክንድርያም በስሙ የሚጠራው ይህ ከመንገድ የተመለሰው ሰው ነው። አስቢው እህቴ፣ ከጵንፍልያ መመለሱን እንደ መጨረሻ ፍርድ ቆጥሮ ቤቱ ቢቀር ኖሮ ምን ያህል ይቀርብን ነበር!

ስለዚህ እንጀራውን መጀመር ከመልአኩ ጋር መጣላት አይሆንብሽም። የተሳልሽው «ከሰመረልኝ» ብለሽ እንጂ ዕድሜሽን ሁሉ ባለሱቅ ልትሆኚ አይደለም፤ ስለ ስለቱ ራስሽን በፍርሃት ከምታስጨንቂ ለንስሐ አባትሽ እንዳለ ንገሪያቸው።

የማልለሳለስብሽ ግን በቅዳሴው ነው። ከሰዎቹ ስትሸሺ ከቅዱስ ቍርባንም ሸሽተሻል። በማቴዎስ 5፥23-24 ጌታ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሄደህ ከወንድምህ ታረቅ ይላል፤ ከወንድምህም ሆነ ከመሠዊያው «ራቅ» አላለም። እነዚያ እቁብተኞች ከኪራይሽና ከቤትሽ ጉሮሮ የተረፈውን ሳይሆን የላባቸውን ነው የሚጠብቁት፤ ዝምታሽ ከዕዳው ይልቅ ያስቀይማቸዋል። በዚህ ሳምንት ወደ እቁቡ ዳኛ ሂጂና በየወሩ የምትችይውን፣ ትንሽም ቢሆን የማታጓድይውን ገንዘብ ተናገሪ። ከዚያ የጤፉን፣ የመብራቱንና የማድረሻውን ዋጋ በወረቀት አስፍሪ፤ ምግብ ቤቱ በስንት ቀን እንደሚከፍልሽም አስቀድመሽ ተስማሚ፤ ያለዚያ የሱቁ ዱቤ በእንጀራው ይደገማል። እሑድ ደግሞ ቅዳሴ አስቀድሺ።