ክፍት ፊልትሮ የሞተርን አየር ያቀዘቅዛል?

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ሱሉልታ ሲሆን፣ በቶዮታ ኮሮላ መኪናዬ አዲስ አበባ እየተመላለስኩ እሠራለሁ። መኪናዋ ጠዋት ደህና ትጓዛለች፤ ከሰዓት በኋላ ግን አዲሱ ገበያ አካባቢ በመንገድ መጨናነቅ ቆማ ከቆየች በኋላ የእንጦጦን ዳገት ስትጀምር ጉልበት ያንሳታል። አንድ መካኒክ የአየር ፊልትሮውን ሳጥን አስወጥቼ ክፍት ፊልትሮ ባስገጥም ሞተሩ ቀዝቃዛ አየር እንደሚያገኝ ነገረኝ። ምክሩን ልቀበል?

መልስ፦ እባክዎ ሳጥኑን አያስወጡት። ክፍት ፊልትሮ ኮፈኑ ሥር ተጋልጦ ስለሚቀመጥ የሚስበው ራዲያተሩና የጭስ ማኒፎልዱ (ከሞተሩ የሚወጣውን ትኩስ ጭስ የሚሰበስበው ቱቦ) ያሞቁትን አየር ነው። የፋብሪካው ሳጥን ግን አፉ ወደ መኪናው ፊት ወይም ወደ ፓራፋንጎው ውስጥ የተዘረጋ ቱቦ ስላለው የውጭውን አየር ያገኛል። ክፍት ፊልትሮ የሞተሩን ድምፅ ስለሚያጎላ ብዙ ሰው ጉልበት የተጨመረ ይመስለዋል።

የአየር ሙቀት በ3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በጨመረ ቁጥር እፍግታው 1 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከውጭው በ30 ዲግሪ የሞቀ አየር የሚስብ ሞተር የሚደርሰው ኦክስጅን በ9 በመቶ ገደማ ያንሳል። በዚያ ላይ የመኪናው ኮምፒውተር ነዳጁ በሙቀቱ በራሱ ተቀጣጥሎ ሞተሩ እንዳያንኳኳ ሲል የካንዴላውን እሳት ስለሚያዘገይ ጉልበቱ ይበልጥ ይወርዳል። ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል የቀነሰ ነው፤ ወደ እንጦጦ ሲወጡም የበለጠ ይሳሳል። ይህን የትኛውም ፊልትሮ አይመልሰውም፤ የሙቀቱን ጉዳት ግን መከላከል ይቻላል።

ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ኮፈኑን ከፍተው ቱቦውን ከአፉ እስከ ሳጥኑ ይከተሉት። ተጋጭቶ በተጠገነ መኪና ላይ ይህ ቱቦ ሳይመለስ መቅረቱ የተለመደ ነው፤ ቢኖርም ማያያዣው ተሰብሮ አፉ ወደ ራዲያተሩ ጀርባ ዞሮ ይገኛል። ከሳጥኑ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ጎማ በእጥፋቶቹ መካከል ይሰነጠቃልና በጣትዎ ለጠጥ አድርገው ይዩት፤ በስንጥቁ የሚገባው አየር ሙቅ ብቻ ሳይሆን ያልተጣራ አቧራም የያዘ ነው። የጭስ ማኒፎልዱ የቆርቆሮ ክዳን ይንኳኳል ተብሎ ተፈትቶ ከሆነ መልሰው ያስገጥሙት። ቱቦውን ወደ ታች አስረዝሞ ከመከላከያው ሥር ማውጣትን ግን አልመክርም፤ በክረምት ጎርፍ ያቆረ መንገድ ላይ ሞተሩ ውኃ ከሳበ ፒስተን የሚገፋው ዘንግ ሊጣመም ይችላል።

ከዚህ በኋላ የገቢ አየሩን ሙቀት በስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር በሚያነብ መሣሪያ) ያስነብቡ። መጨናነቅ ውስጥ ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ያለ ነገር ነው፤ መንገዱ ተከፍቶ ጥቂት ደቂቃ ሲነዱ ወደ ውጭው ሙቀት ካልተጠጋ ቱቦው አሁንም ከኮፈኑ ሥር እየሳበ ነው። ቁጥሩ ወርዶም ዳገቱ የሚከብዳት ከሆነ፣ የነዳጅ ፓምፑን ግፊትና የካታሊስቱን (የጭስ ማጣሪያውን) መዘጋት ያስመርምሩ።