ስለ ቻርተር ትምህርት ቤትና ስለ ፖለቲካው ጠይቁኝ

አሜሪካ ውስጥ በአንድ ቻርተር ትምህርት ቤት (በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ፣ ግን ራሱን የሚያስተዳድር ትምህርት ቤት) ቦርድ ላይ ስድስት ዓመት ተቀምጫለሁ። ተቃውሞ ሲመጣ ምን እናድርግ የሚሉ ጥያቄዎች በዝተውብኛል። የምችለውን ልመልስ። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ "የመንግሥት ገንዘብ የሚበላ የግል ትምህርት ቤት" ይለዋል። ምን ልበለው?

የግል አይደለም። ክፍያ የለውም፤ አመልካች ከቦታው ከበዛ በዕጣ ነው የሚገባው። ልዩነቱ አስተዳደሩ ላይ ነው፤ የሚያስተዳድረው ዲስትሪክቱ (የአካባቢው የትምህርት ቤቶች አስተዳደር) ሳይሆን የራሱ ቦርድ ነው። የመጀመሪያው የቻርተር ሕግ በ1991 ሚኒሶታ ግዛት ውስጥ ወጣ። ይህን በአጭሩ ንገረው። ካልተዋጠለት አትጨቃጨቅ፤ ና ገብተህ ክፍሎቹን እይ በለው።

ጥያቄ፦ የሚቃወመን የመምህራን ማኅበር ብቻ ነው አይደል?

አይደለም። እንዲያውም በ1988 የቻርተርን ሐሳብ በአገር ደረጃ ካስተዋወቁት አንዱ አልበርት ሻንከር ነበር። እሱ ደግሞ የአንድ ትልቅ የመምህራን ማኅበር መሪ ነበር! በ2016 አዲስ ቻርተር መክፈት ይቁም ያለው የጥቁሮች መብት ተሟጋቹ ድርጅት ኤንኤኤሲፒ (NAACP) ነው።

ከቅሬታዎቹ ውስጥ ውሃ የሚያነሳም አለ። ተማሪ ሲሄድ ገንዘቡም አብሮት ይሄዳል። ዲስትሪክቱ ግን አውቶቡሱንና ማሞቂያውን በአንድ ጀምበር አይቀንስም። ከ25 ልጆች 3ቱ ቢሄዱ የክፍሉ አስተማሪ ያው አንድ ነው። ይህን "ውሸት" ያለ ሰው ክርክሩን እዚያው ተሸንፏል።

እኛም አንዴ ተሳስተናል። በዓመቱ መሃል ስንት ልጅ እንደለቀቀ ስንጠየቅ አድበሰበስን። ቁጥሩ በኋላ በሌላ ሰው እጅ ወጣ። ቁጥሩ ራሱ ያን ያህል መጥፎ አልነበረም፤ ያዋረደን መደበቃችን ነው። አሁን እኛው ቀድመን እናወጣዋለን።

ጥያቄ፦ ኒው ዮርክ በሰልፍ አሸንፈዋል ይባላል። እኛስ እንውጣ?

በ2014 ከንቲባ ቢል ደብላሲዮ ሰክሰስ አካዳሚ ለሚባሉት ቻርተር ትምህርት ቤቶች ተፈቅደው የነበሩ ሦስት ቦታዎችን ሰረዘ። ትምህርት ቤቶቹ ለአንድ ቀን ተዘጉና ወላጅና ልጅ በአውቶቡስ የግዛቱ ዋና ከተማ አልባኒ ገባ። ገዥው አንድሩ ኩዎሞ ሰልፉ ላይ ቆሞ ደገፋቸው። በዚያው ዓመት ሕጉ ተለወጠ፦ ከተማዋ ለአዲስና ለሚያድጉ ቻርተሮች ቦታ ትስጥ፣ አለዚያ ለኪራይ ትክፈል።

ግን ልብ በሉ። ገዥው ከጎናቸው ነበር፤ ለማስታወቂያም ብዙ ገንዘብ ነበራቸው። ልጆችን ከክፍል አውጥቶ ሰልፍ መውሰዱም ክፉኛ አስወቅሷቸዋል። እኔ ብሆን ቅዳሜን እመርጥ ነበር።

አሁን ማሳቹሴትስን እዩ። በ2016 በዓመት እስከ 12 ተጨማሪ ቻርተር ይፈቀድ ተብሎ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ። ገንዘቡ ሞልቷል። የቦስተን ቻርተሮች ውጤትም የሚያኮራ ነበር። ሆኖም ከመቶ 62 ያህሉ አይሆንም አለ። ለምን? በኔ ግምት ከከተማው ወጣ ብሎ የሚኖረው ሰው የሰፈሩን ትምህርት ቤት ይወዳል፤ በጀቱ እንዳይነካበት ፈራ። የቦስተን ልጆች ውጤት የእሱን ፍርሃት አልመለሰለትም። ስለዚህ ከሰልፉ በፊት ልጁ እናንተ ጋ ለማይማረው ሰው የምትነግሩትን አዘጋጁ።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤቱ ለምርጫ እጩ ድጋፍ መስጠት ይችላል?

ለትርፍ ያልቆመና ከግብር ነፃ ድርጅት ከሆነ፣ በፍጹም። በወጣ ረቂቅ ሕግ ላይ ሐሳብ መስጠት በልክ ይፈቀዳል። አንቺ ግን እንደ ግለሰብ የፈለግሽውን ደግፊ። የትምህርት ቤቱን ኢሜይል ብቻ አትንኪ።

ጥያቄ፦ ፍርድ ቤት ቢዘጋንስ?

ዋሽንግተን ስቴት ላይ ደርሷል። ሕዝቡ በ2012 የቻርተር ሕጉን በጠባብ ልዩነት አጸደቀው። በመስከረም 2015፣ ትምህርት በጀመረ ሰሞን፣ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉን ሻረው። ምክንያቱም ቦርዶቹ በሕዝብ ስላልተመረጡ ለመደበኛ ትምህርት ቤቶች የተመደበው ገንዘብ አይገባቸውም የሚል ነው። ወላጆች ወደ ሕግ አውጪዎቹ ተመላለሱ። በ2016 ገንዘቡ ከሎተሪ ገቢ እንዲመጣ ተደርጎ አዲስ ሕግ ወጣ። በ2018 ፍርድ ቤቱ አብዛኛውን አጸናው። ስለዚህ ፍርዱን በደንብ አንብቡ፤ የሚስተካከለው ነገር እዚያው ውስጥ ሊኖር ይችላል።

ጥያቄ፦ ዲሲ ነው የምኖረው፤ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። እኔ ምን እፈይዳለሁ?

ብዙ ነገር፣ እህቴ። ዲሲ ውስጥ ከሕዝብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ቻርተር ነው የሚማረው። ከተማዋ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አላት፤ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ። ምክር ቤቱ ፊት የሚሰጥሽ ደቂቃ ጥቂት ነው። ፖሊሲውን ለጠበቆቹ ተይው። ልጅሽ ሲገባ ማንበብ ይችል እንደነበር፣ አሁን ምን እንደሚያነብ ንገሪያቸው። ያልወደድሽውም ካለ ጨምሪበት፤ ያኔ ነው የሚያምኑሽ።